ትማር፤ ግን ለማን? የቪክቶሪያ ዘመን ገጣሚዎችና የሴት ብዕር

በማርች 1837 አንዲት የ20 ዓመት እንግሊዛዊት ከሮበርት ሳውዚ ደብዳቤ ደረሳት። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።) ሳውዚ በጊዜው የቤተ መንግሥቱ ባለቅኔ ነበር። እሷ ግጥሞቿን ልካ አስተያየቱን ጠይቃው ነበር። መልሱ ጨዋ ነው፤ ችሎታ እንዳላት አልካደም። ቁርጡን ግን ነገራት። ሥነ ጽሑፍ የሴት የሕይወት ሥራ ሊሆን አይችልም፤ መሆንም የለበትም። የሴትነት ግዴታዋን በወጉ የምትወጣ ከሆነ ለመጻፍ የሚተርፋት ጊዜ አይኖርም።

ልጅቷ ሻርሎት ብሮንቴ ነበረች። ከ10 ዓመት በኋላ «ጄን ኤር» የተባለውን ልቦለዷን አሳተመች፤ ያውም የሴት መሆኑ በማያስታውቅ የብዕር ስም።

ደብዳቤው ከተጻፈ ከሦስት ወር በኋላ የ18 ዓመቷ ቪክቶሪያ የእንግሊዝን ዙፋን ወረሰች። ከ63 ዓመት በላይ ነገሠች። አገር መግዛት ያልተከለከለች ሴት ባለችበት አገር ግጥም መጻፍ ከሴት ግዴታ ጋር ይጋጫል ተባለ። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። በዚያ ዘመን ግን ብዙ ሰው ግራ አልተጋባም።

ስለዚህ ዘመን ሲወራ «ሴቶች እንዳይማሩ ተከልክለው ነበር» ይባላል። እንደዚያ ብሎ ማለፍ ግን ዋናውን ነገር ያስስታል። የመካከለኛው መደብ ልጃገረድ ትማር ነበር፤ እንዲያውም ብዙ ነገር ትማር ነበር። ፒያኖ፣ ሥዕል፣ ጥልፍ፣ ትንሽ ፈረንሳይኛ፣ ትንሽ ጣሊያንኛ። የተማረችው ሁሉ ግን የሚያገለግለው ሌላ ሰው ነው። ባል እንዲወዳት፣ እንግዳ እንዲደሰት፣ ልጆች በጨዋነት እንዲያድጉ። የጠነከረው ክርክር «ሴት ትማር ወይስ አትማር» የሚለው አልነበረም። የተማረችው ለማን ነው? ለራሷ ሥራ ልታውለው ትችላለች? ጭቅጭቁ ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚገርመው ደግሞ ጭቅጭቁ በስብከትና በጋዜጣ ብቻ አላለቀም። ገጣሚዎቹ ራሳቸው በግጥም ተከራከሩበት።

ወደ ግጥሞቹ ከመሄዳችን በፊት ስለ ሕጉ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። አንዲት ሴት ስታገባ በሕግ ፊት ራሷን የቻለች ሰው መሆኗ ያከትማል። ንብረቷ የባሏ ይሆናል። በብዕሯ የምታገኘው ገንዘብም የእሱ ነው። ገጣሚዋ ካሮላይን ኖርተን ከባሏ ተለያይታ እየኖረች እንኳ እሱ በጽሑፎቿ ገቢ ላይ የይገባኛል ጥያቄ አንስቶባታል። ያገባች ሴት የሠራችበትን ገንዘብ የራሷ እንድታደርግ ሕግ የፈቀደው በ1870 ነው። በንብረቷ ላይ ሙሉ መብት ያገኘችው ደግሞ በ1882 ነው። ያላገባችስ? የተማረች ግን ገንዘብ የሌላት ሴት በክብር ልትይዘው የምትችለው ሥራ አንድ ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ሰው ቤት እየኖሩ የሰው ልጆች ማስተማር። ደመወዙ ትንሽ፣ ክብሩም ከአገልጋይ ትንሽ ከፍ ያለ ነው።

በ1854 ኮቨንትሪ ፓትሞር የተባለ ገጣሚ «የቤት ውስጥ መልአክ» የሚል ረጅም ግጥም ማሳተም ጀመረ። ሚስቱን ያወድሳል። ሴቲቱ ንጹሕ ናት፣ ታጋሽ ናት፣ ባሏን በማስደሰት ትደሰታለች። ግጥሙን ዛሬ ብዙ ሰው አያነበውም፤ ብዙም አልቀረበትም። ርእሱ ግን የዘመኑ አስተሳሰብ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ከ70 ዓመታት በላይ ቆይቶ እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዎልፍ ሴት ደራሲ ለመጻፍ መጀመሪያ ይህችን መልአክ መግደል አለባት ያለችው ለዚህ ነው።

ፓትሞር ከመጻፉ ከጥቂት ዓመታት በፊት አልፍሬድ ቴኒሰን ጥያቄውን በቀጥታ አንስቶት ነበር። በ1847 መጨረሻ የወጣው «ልዕልቲቱ» የተባለው ግጥሙ ስለ ሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነው። ልዕልት አይዳ በልጅነቷ የታጨችለትን ልዑል አላገባም ትልና ለሴቶች ብቻ የሚሆን ዩኒቨርሲቲ ታቋቁማለች። ወደ ግቢው የገባ ወንድ ይገደላል። ልዑሉ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሴት ልብስ ለብሶ ይገባል፤ ኋላም ይነቃባቸዋል። ነገሩ 50 ለ50 ወደሚደረግ ፍልሚያ ያመራና ልዑሉ ክፉኛ ይቆስላል። ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ይሆናል። አይዳ ቁስለኛውን ስታስታምም ልቧ ይለሰልሳል። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ይዘጋል፣ ጋብቻው ይቀጥላል።

ቴኒሰን ፈርቶ ነው እላለሁ። ሐሳቡን አንስቶ ሲያበቃ መሸሸጊያ አበጀለት። ታሪኩን የሚተርኩት በአንድ የገጠር ቤት ለበጋ ግብዣ የተሰበሰቡ ሰባት ወንድ ተማሪዎች ናቸው፤ እየተቀባበሉ ለጨዋታ ያወሩታል። በኋለኛው እትም ደግሞ በመሐል የሚገቡ ዘፈኖች ጨመረ። የሚዘፍኑት ሴቶቹ ናቸው። ወንዶቹ ይተርካሉ፣ ሴቶቹ ያዜማሉ። የሥራ ክፍፍሉ ራሱ የሚናገረው ነገር አለ።

ቢሆንም ግጥሙን እንደ ፌዝ ብቻ ማየት ትክክል አይደለም። የልዑሉ አባት፣ ሽማግሌው ንጉሥ፣ «ወንድ ለሜዳ፣ ሴት ለምድጃ፤ ወንድ ለሰይፍ፣ ሴት ለመርፌ» እያለ ሲፎክር ቴኒሰን አብሮት አይደለም፤ ይስቅበታል። ልዑሉ በበኩሉ የሴት ጉዳይ የወንድም ጉዳይ ነው፣ ቢነሡም ቢወድቁም አብረው ነው ይላል። ለ1847 ይህ ቀላል ንግግር አይደለም። በዓመቱ፣ በ1848፣ ለንደን ውስጥ ኩዊንስ ኮሌጅ ለሴቶች ተከፈተ። ዓላማው መጀመሪያ ላይ እነዚያን የቤት አስተማሪዎች በደንብ ማሠልጠን ነበር። ዛሬ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ገርተን ኮሌጅ ደግሞ በ1869 በአምስት ተማሪዎች ተጀመረ። ቤቱ ካምብሪጅ ከተማ ውስጥ እንኳ አልነበረም፤ ከወንዶቹ ራቅ ብሎ ሂችን የምትባል ቦታ ነበር።

የቴኒሰን ስም ሲነሳ የምትነሳ አንዲት ጎረቤቱ አለች። በዋይት ደሴት አጠገቡ የምትኖረው ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የመጀመሪያ ካሜራዋን ያገኘችው በ48 ዓመቷ ነው፤ ልጇና አማቿ በስጦታ ሰጧት። የዶሮ ቤቷን ስቱዲዮ አደረገችው። ከዘመኑ ታላላቅ ፎቶ አንሺዎች አንዷ ሆነች፤ ለቴኒሰን ግጥሞችም ፎቶ ሠራች። ከመቅደላ በኋላ ወደ እንግሊዝ የተወሰደው የአጼ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ1868 የተነሳቸውን እነዚያን ያዘኑ ፎቶዎች አይታችሁ ይሆናል። ያነሳችው እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው መጽሐፍ። ኤልዛቤት ባሬት ብራውኒንግ «አውሮራ ሊ»ን ያወጣችው በ1856 መጨረሻ ነው። 9 ክፍሎች፣ ወደ 11,000 የሚጠጉ ስንኞች። ቤት አይመታም፤ በምጣኔ ብቻ ይሄዳል። በግጥም የተጻፈ ልቦለድ በሉት። የምትናገረው ራሷ አውሮራ ናት፤ እንዴት ገጣሚ እንደሆነች ትተርካለች። ስለ ወንድ ገጣሚ አስተዳደግ የሚተርክ ረጅም ግጥም ቀደም ብሎም ነበር። የሴት ገጣሚን አስተዳደግ በዚህ ስፋት የያዘ ግን በእንግሊዝኛ አልነበረም። ኤልዛቤት ራሷ በአንድ ደብዳቤዋ አያቶቼን በየቦታው ብፈልግ አንድም አላገኝም ብላለች። አያቶች ያለቻቸው ከእሷ በፊት የነበሩ ሴት ባለቅኔዎችን ነው።

የኤልዛቤት የራሷ ትምህርት ታሪክ አለው። በ1806 ተወለደች። ለወንድሟ የግሪክኛ አስተማሪ ሲቀጠር አብራ ተቀምጣ ተማረች። ወንድሟ ወደ ትምህርት ቤት ሲላክ እሷ ቤት ቀረች። በ14 ዓመቷ ስለ ማራቶን ጦርነት የጻፈችውን ግጥም አባቷ አሳተመላት። ቤተሰቡ የበለጸገው በጃማይካ ሸንኮራ እርሻ፣ በባሮች ጉልበት ነው። እሷ ግን በኋላ ባርነትን የሚያወግዝ ግጥም ጻፈች። አባቷ ከልጆቹ አንዳቸውም እንዲያገቡ አይፈልግም ነበር። በ1846፣ በ40 ዓመቷ፣ ገጣሚውን ሮበርት ብራውኒንግን በድብቅ አገባችና ወደ ጣሊያን ሄዱ። አባቷ እስኪሞት አልታረቃትም።

የአውሮራ ታሪክ ከዚህ ይለያል። እናቷ ጣሊያናዊት፣ አባቷ እንግሊዛዊ። በ4 ዓመቷ እናቷን፣ በ13 ዓመቷ አባቷን ታጣለች። ከፍሎረንስ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ አክስቷ ትላካለች። አክስቷ «ታስተምራታለች»። እዚህ ላይ ኤልዛቤት ብዕሯን ትስለዋለች። አውሮራ የበርማን መንግሥት የውስጥ ሕግ ትማራለች። የትኛው ተራራ ከየትኛው በስንት ጫማ እንደሚበልጥ ታጠናለች። ወፍ ሞልታ ማድረቅ፣ በሰም አበባ መሥራት ትለማመዳለች። ስለ ሴትነት የተጻፉ መጻሕፍትም ታነባለች። ሴቶች ባያስቡም ማሰብን ማስተማር እንደሚችሉ የሚያረጋግጡ ናቸው ትላለች። ከዚያ ጥልፍ አለ። የሴት ሥራ ምሳሌያዊ ነው ትላለች፤ እንሰፋለን፣ ጣታችንን እንወጋለን፣ ዓይናችንን እናደክማለን። ምን ልናወጣ? ጌታዬ ሲደክሞት የሚያጠልቁት የቤት ጫማ። ወይም ሊደገፉበት ትራስ፤ ያውም ተደግፈውበት እኛ ያልሆነውን ነገር በሕልማቸው የሚያዩበት።

እውነተኛ ትምህርቷን ያገኘችው በድብቅ ነው። ጣሪያ ሥር ባለ ቆጥ ውስጥ የአባቷ ስም የተጻፈባቸው የመጻሕፍት ሣጥኖች ታገኛለች። ጎህ ሳይቀድ ከትራሷ ሥር ያለው መጽሐፍ ሲመታ ይሰማታል፤ ልብ እንደሚመታ። ያለ አስተማሪ፣ ያለ ሥርዓተ ትምህርት፣ ክፉውንም ደጉንም እያነበበች ገጣሚ መሆኗን ታውቃለች።

ከመጽሐፉ ሁሉ እኔ ደጋግሜ የማነበው ሁለተኛውን ክፍል ነው። ጁን ነው፤ አውሮራ 20 ዓመት የሞላት ዕለት ጠዋት። ማንም ሳይነቃ አትክልት ቦታ ወጥታ ከሐረግ አክሊል ጎንጉና ራሷ ላይ ትደፋለች። ለገጣሚ የሚገባውን አክሊል ማንም እንደማይሰጣት ገብቷታል፤ ለራሷ ሰጠች። ዘወር ስትል የአጎቷ ልጅ ሮምኒ ቆሞ እያያት ነው። በእጁ መጽሐፏን ይዟል፤ ወድቆ አግኝቶት ነው። ኅዳጉ ላይ ግሪክኛ ተጽፏል፤ «የሴት ግሪክኛ፣ የድምፅ ምልክት የሌለው» ይላል ሮምኒ። አነበበው ወይ? አንድ ቃል አላነበበም።

ሮምኒ ክፉ ሰው አይደለም። የግጥሙ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው። ሀብታም ነው፣ ስለ ድሆች ይጨነቃል፣ ዓለምን ማስተካከል ይፈልጋል። ክርክሩም ብልጥ ነው። ሴቶች የምታዝኑት ለምታውቁት ለአንድ ልጅ ነው፤ ለሚሊዮን ማዘን አትችሉም። ስለዚህ ከእናንተ መሲሕ አይወጣም፤ ገጣሚም አይወጣም። ይልቅ አግቢኝና በሥራዬ እርጂኝ። እሷ እምቢ ትላለች። አንተ የምትወደው ሴት አይደለም፣ ዓላማ ነው፤ የምትፈልገው ሚስት ሳትሆን ረዳት ነው ትለዋለች። እኔም የራሴ ጥሪ አለኝ፣ የምሠራው ሥራ አለኝ።

የእምቢታውን ዋጋ ልብ በሉ። አክስቷ ስትሞት የሚደርሳት 300 ፓውንድ ብቻ ነው። ሮምኒ በዘዴ 30,000 ፓውንድ ሊያስተላልፍላት ይሞክራል፤ ወረቀቱን ትቀደዋለች። ለንደን ሄዳ ፎቅ ላይ ክፍል ትከራያለች። ለመጽሔትና ለኢንሳይክሎፔዲያ እየጻፈች እንጀራዋን ታበስላለች፤ ከዚያ የተረፋትን ሰዓት ለግጥም ትሰጣለች። ለገንዘብ መጻፍና ለጥበብ መጻፍ የተለያዩ መሆናቸውን፣ ሁለቱም ግን ሥራ መሆናቸውን በግልጽ ትናገራለች። በብዕሯ የምትተዳደር ሴት እንዲህ ተደርጋ በግጥም ስትታይ አዲስ ነገር ነበር።

ቀሪውን ታሪክ ባጭሩ። ሮምኒ ሜሪያን የተባለች ድሃ ልብስ ሰፊ ሊያገባ ይነሳል፤ ሜሪያን ተታልላ ወደ ፈረንሳይ ትወሰድና ትደፈራለች፣ ትወልዳለች። አውሮራ ፓሪስ ላይ አግኝታ ይዛት ወደ ጣሊያን ትሄዳለች። በ1856 ይህን በግጥም መጻፍ ድፍረት ነበር፤ ልጃገረዶች እንዳያነቡት የሚከለክሉ ቤተሰቦችም ነበሩ። በመጨረሻ ሮምኒ ርስቱ ተቃጥሎበት፣ ዓይኑ ጠፍቶ ይመጣል። ተሳስቼ ነበር ይላል። መጽሐፏንም አንብቦታል። ይጋባሉ።

ይህ መጨረሻ አንባቢዎችን እስካሁን ያከራክራል። እሷም እንደ አይዳ መጨረሻዋ ጋብቻ ነው ወይ? እኔ አይመስለኝም። የአይዳ ዩኒቨርሲቲ ተዘግቷል፤ አውሮራ ግን ብዕሯን አላስቀመጠችም። ሮምኒ የሚለምናት ለሁለታችንም ሥሪ እያለ ነው። ግን ወንዱ እኩል እንዲያያት ዓይኑን ማጣት ነበረበት? እዚህ ላይ ቅር ይለኛል።

መጽሐፉ ተሸጠ፣ ተወደደ፣ ተሰደበ። አሜሪካዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ሱዛን አንቶኒ ቅጂዋን ለዓመታት ይዛ ስትዞር ኖራ በ1902 ለአሜሪካ ምክር ቤት ቤተ መጻሕፍት ሰጠችው። በሌላ ወገን፣ ኤልዛቤት በ1861 ስትሞት የፋርሱ ገጣሚ የኦማር ካያም ተርጓሚ ኤድዋርድ ፊትዝጄራልድ ለወዳጁ ደብዳቤ ጻፈ። ሞቷ እፎይታ ነው፤ ከእንግዲህ «አውሮራ ሊ» የለም፣ እግዜር ይመስገን፤ እሷም ሌሎቹ ሴቶችም ወጥ ቤታቸውንና ልጆቻቸውን ቢያዩ ይሻላቸዋል። ደብዳቤው በ1889 ታትሞ ባሏ እጅ ገባ። ሮበርት ብራውኒንግ 77 ዓመቱ ነበር። በንዴት የጻፈው ግጥም መጽሔት ላይ ወጣ፤ በዚያው ዓመት ሞተ።

ክርስቲና ሮሴቲ ነገሩን ከሌላ አቅጣጫ አየችው። ወንድሞቿ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሷን ያስተማረቻት እናቷ ናት። ወንድሟ ዳንቴ ገብርኤል ሠዓሊና ገጣሚ ነበር፤ እሷም ለሥዕሎቹ ተቀምጣለች። በ1856 «በሠዓሊ ስቱዲዮ» የተባለ ባለ 14 ስንኝ ግጥም ጻፈች። በሸራዎቹ ሁሉ ላይ የምትታየው አንዲት ሴት ናት። ንግሥት ሆና፣ ቅድስት ሆና፣ መልአክ ሆና። ሠዓሊው ቀንና ሌሊት ፊቷን ይመገባል። የሚስላት ግን እንዳለች አይደለም፤ በሕልሙ እንደሞላችው ነው። ያቺ ሴት ኤልዛቤት ሲዳል እንደሆነች ብዙዎች ያምናሉ። ሲዳል ባርኔጣ ቤት ትሠራ የነበረች ልጅ ናት። ለሠዓሊው ሚሌ «ኦፌሊያ» ሥዕል ውኃ በሞላ ገንዳ ውስጥ ተኝታ ብርድ የመታት እሷ ናት። ራሷም ትስል ነበር፤ ሐያሲው ራስኪን ለሥራዎቿ በዓመት 150 ፓውንድ ሊከፍላት ተስማምቶ ነበር። ግጥምም ትጽፍ ነበር፤ በሕይወት ሳለች ግን አልታተመላትም። ክርስቲና «በሠዓሊ ስቱዲዮ»ን ሳታሳትመው ሞተች፤ የወጣው በ1896 ነው። ክርስቲና የሴቶችን የምርጫ መብት አልደገፈችም። ገጣሚዎችን በአንድ ሰልፍ ማሰለፍ እንደማይቻል ይህ አንዱ ማሳያ ነው።

የመጨረሻዋ ኤሚ ሊቪ ናት። በ1879 ካምብሪጅ ውስጥ ኒውናም ኮሌጅ ገባች፤ ለኮሌጁ የመጀመሪያዋ አይሁዳዊት ናት። ገና 20 ዓመት ሳይሞላት «ዛንቲፔ»ን አሳተመች። ዛንቲፔ የሶቅራጥስ ሚስት ናት፤ በታሪክ የምትታወቀው በነዝናዛነት ነው። ሊቪ በሞት አልጋዋ ላይ ሆና ለአገልጋዮቿ እንድትናገር አደረገቻት። ሌላ ሰው ሆኖ የመናገር ግጥም ለዚያ ዘመን ሴቶች ጥሩ መጠለያ ነበር፤ በራስ ስም የማይባለውን ለማለት ያመቻል።

ዛንቲፔ ሶቅራጥስን ያገባችው እውቀት ፈልጋ ነበር። እሱ ግን ሚስት እንጂ ተማሪ አልፈለገም። አንድ ቀን ከተማሪዎቹ ከፕላቶና ከአልሲቢያደስ ጋር በለስ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ በአቴንስ በእውቀቷ ስለምትታወቀው ስለ አስፓዚያ ያወራል። ሴት ደካማ ናት፣ እውቀት ያሰክራታል ይላል። ዛንቲፔ የወይን ጠጅ አቁማዳ ይዛ ደፍ ላይ ቆማለች። አላስቻላትም፤ ተናገረች። አማልክት እኛን የፈጠሩን ለሙከራ ነው ወይ? ሶቅራጥስ በጨዋነት አመሰገናትና ይህን ጥበብ ከየትኛው ፍልስፍና እንዳገኘችው ጠየቃት። ከስድብ የከፋ ምስጋና። አቁማዳውን መሬት ላይ ፈጠፈጠችው። ወይኑ እብነ በረዱ ላይ ፈሰሰ፤ ነጭ ልብሷ ቀላ፤ ሮጣ ገባች።

ከዚያ በኋላ ምን አደረገች? ፈተለች። ነፍሴን ከሥጋዬ ፈትዬ እስካወጣት ድረስ ፈተልኩ ትላለች። ዓይኗ የፈትል ስህተት ብቻ የሚያይ፣ ምላሷ የልጃገረዶችን ሳቅ የሚቆርጥ ሆነ። ነዝናዛዋ ሚስት የተሠራችው እንዲህ ነው። ሊቪ ይህን ስትጽፍ ሴቶች ክፍል ገብተው ይማሩ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ግን ዲግሪ አይሰጣቸውም። ጥላው ሥር ተቀምጠው ይሰሙ ዘንድ ተፈቀደ እንበል።

ሊቪ ኮሌጁን ሳትጨርስ ወጣች፤ በ1889፣ በ27 ዓመቷ፣ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። በዓመቱ ሌላ የኒውናም ተማሪ ፊሊፓ ፎሴት በካምብሪጅ የሒሳብ ፈተና አንደኛ ከወጣው ወንድ የበለጠ ውጤት አመጣች። ዲግሪ አልተሰጣትም። በ1897 ለሴቶች ዲግሪ ይሰጥ እንደሆነ ድምፅ ሲሰጥ ወንዶቹ ብስክሌት ላይ የተቀመጠች የሴት አሻንጉሊት መንገድ ላይ ሰቀሉ፤ ሐሳቡም በሰፊ ልዩነት ወደቀ። ካምብሪጅ ለሴቶች ሙሉ ዲግሪ የሰጠው በ1948 ነው።